ቡናማው ቀለም አረንጓዴ የሚሆንበት ቦታ

"ኢትዮጵያ የተራራ አገር ናት" እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ! አንድ ቀን አሶሳ ላይ፣ ቤተሰቦቹ ከጉባ የሆኑ ተማሪዬ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ እኛ ግን ቆላ ነን፤ እኛስ?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

ዛሬ ልመልስለት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አባይ ሸለቆውን ሰንጥቆ ጉባ ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ወርዷል፤ ከዚያ ወዲያ የሱዳን ሜዳ ነው።

ታሪካችንን የሠራው ይሄ ቁልቁለት ነው። ከቤኒሻንጉል ዓለት የታጠበው ወርቅ በወንዝ አሸዋ ይወርዳል። የግብፁ መሐመድ አሊ ልጅ እስማኤል በ1822 እ.ኤ.አ. እስከ ፋዞግሊ የወጣው ያንን ወርቅ ፍለጋ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. ምኒልክና እንግሊዞች ድንበሩን ሲዋዋሉ ቤኒሻንጉል ወደ እኛ ቀረ። አባይን ያለ ስምምነት ላለመገደብ የተገባው ቃልም እዚያው ውል ውስጥ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ግድብም ያለው እዚያው ጉባ ነው፤ ወንዙ ሜዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት።

ልጄ፣ ካርታው ላይ ቡናማው ቀለም አረንጓዴ የሚሆንበትን ቦታ ፈልግ። እናንተ እዚያ ናችሁ፤ ሁሉም የሚፈልገው ቦታ ላይ። ይህን ካነበብክ ደውልልኝ።