በጠፈር ሳለ አገሩ የፈረሰበት ሰው

በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከቀረበው «ትዋይላይት ዞን» ከተባለው ተከታታይ ፊልም አንዱ ክፍል፣ መንኮራኩራቸው ወድቃ በምድረ በዳ ስለ ቀሩ የጠፈር ተጓዦች የሚናገር ነው። ከእነርሱ አንዱ ለጥቂት ውሃ ሲል ጓደኛውን እስከ መግደል ይደርሳል። በመጨረሻ ግን የስልክ ምሰሶና አውራ ጎዳና ያያል። ለካስ የወደቁት በባዕድ ዓለም ሳይሆን በዚያው በአገራቸው በኔቫዳ በረሃ ኖሯል!

ይህ ልብ ወለድ ነው። እውነተኛው ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሰው ያሳየናል፤ እርሱም አገሩ መስሎት የተነሣበትን ምድር ሲመለስ ሌላ አገር ሆኖ ያገኘው ሰርጌይ ክሪካሌቭ ነው። ክሪካሌቭ የሌኒንግራድ ተወላጅ ሲሆን፣ ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. በካዛክስታን ከሚገኘው ከባይኮኑር ተነሥቶ ሚር ወደተባለችው የጠፈር ጣቢያ ሄደ። ዕቅዱ አምስት ወር ያህል ቆይቶ መመለስ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ጉዞዎች ወደ አንድ ተቀነሱ። በመስከረም 1984 ዓ.ም. በመጣችው መንኮራኩር ውስጥም ለረጅም ቆይታ የሠለጠነ ተተኪ አልተገኘም። ታኅሣሥ 16 ቀን 1984 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት በይፋ ስትፈርስ እርሱ ገና በጠፈር ነበር። መጋቢት 16 ቀን፣ ከ311 ቀናት በኋላ፣ ነፃ በወጣችው ካዛክስታን ምድር አረፈ። የትውልድ ከተማውም ሴንት ፒተርስበርግ ተብላ ቆየችው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። ክሪካሌቭ መመለሻ አጥቶ እንደ ተጣለ አድርገው የሚያወሩ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ማምለጫ መንኮራኩር ከጣቢያዋ ጋር ተያይዛ ሁልጊዜ ነበረች። ችግሩ እርሱ ቢወርድ ሥራውን የሚረከበው ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የቆየው እንዲቆይ ሲጠየቅ ተስማምቶ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ክሪካሌቭ በተነሣ በሦስተኛው ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከኢትዮጵያ ወጡ፤ በዐሥረኛው ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በጦርነት፣ በፖለቲካ ግድያና በድርቅ ምክንያት ወደ ሱዳን የተሰደዱ ወገኖቻችንም የመንግሥቱን ለውጥ የሰሙት ከሩቅ ሆነው ነው። በካርቱም በአል-ማንሺያ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ዓባይ ከአገራቸው የመጣ ውሃ ነው፤ እነርሱ ግን እንደ ውሃው በቀላሉ የሚሻገሩት ድንበር አልነበራቸውም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ለመውጣት ተገደዋል። ለእነርሱ በደጅ ተያይዛ የምትጠብቅ መንኮራኩር አልነበረችም።

እንግዲህ መምህራን ይህን ታሪክ ስናስተምር ቀኑን ብቻ ማስጠናት አይበቃንም። መንግሥት ሲለወጥ፣ በቀድሞው መንግሥት ዘመን በውጭ ለቀረው ሰው ኃላፊው ማን ነው? ክሪካሌቭን ሩሲያ መለሰችው። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ መንኮራኩር የበረረ የመጀመሪያው ሩሲያዊ ሆነ። በስደት የቀረውንስ ማን ይመልሰዋል? ተማሪዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ቢከራከሩ፣ ታሪክ የነገሥታትና የመሪዎች ብቻ አለመሆኑን ይረዳሉ ብዬ አምናለሁ።