የተፋሰስ ኮሚቴ ምርጫና ለምርጫው የሚቀርቡ ዕጩዎች

የማኅበረሰብ ተፋሰስ ኮሚቴ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ የሚኖሩና መሬቱን የሚጠቀሙ ነዋሪዎች በጠቅላላ ጉባኤ የሚመርጡት አካል ነው። ተግባሩም የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራን ማቀድና ማስተባበር፣ ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላም ከለማው መሬት የሚገኘውን ጥቅም ማስተዳደር ነው። በአንዳንድ አካባቢዎች የተፋሰስ ቡድን በሚል ስያሜ ይታወቃል፤ ተጠቃሚዎቹ በማኅበር በተደራጁበት ደግሞ የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ይባላል። ስያሜው ቢለያይም ዕጩ ሆኖ መቅረብ የሚፈልግ ነዋሪም ሆነ ድምፅ ሰጪው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች ተመሳሳይ ናቸው።

የኮሚቴው የሥራ ክልል የሚወሰነው በአስተዳደር ወሰን ሳይሆን በውኃ ፍሰት ነው። ከአንድ ተራራ ጫፍ ተነሥቶ ወደ አንድ መውጫ የሚፈሰው ውኃ የሚያካልለው መሬት ሁሉ አንድ ተፋሰስ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም በግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር የወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ለአንድ የማኅበረሰብ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር የሚደርስ ስፋትን መነሻ አድርጎ ይወስዳል። በመሆኑም በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከአንድ በላይ ተፋሰስ ሊኖር ይችላል፤ አንድ ተፋሰስም በሁለት ቀበሌዎች ሊከፈል ይችላል። ነዋሪው በየትኛው ተፋሰስ መራጭ እንደሆነ ከምርጫው አስቀድሞ በቀበሌው ካለው የግብርና ባለሙያ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ኮሚቴው በሹመት ሳይሆን በምርጫ የሚቋቋምበት ምክንያት ከአገሪቱ የአፈር ጥበቃ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ በነበሩት ዓመታት በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር እጅግ ሰፊ የእርከን፣ የችግኝ ተከላና የተራራ ክለላ ሥራ ተከናውኖ ነበር። ዕቅዱ በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስለነበር ገበሬው የት ቦታ ምን እንደሚሠራ፣ የተከለለው ተራራ ሣርና እንጨት የማን እንደሚሆን የመወሰን ድርሻ አልነበረውም። በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በበርካታ ቦታዎች እርከኑ ፈረሰ፣ ደኑ ተመነጠረ፣ የተከለለው መሬትም ለግጦሽ ተለቀቀ። የድንጋዩ ካብ ጥራት ችግር ካለባቸው ቦታዎች ይልቅ የባለቤትነት ስሜት ያልነበረባቸው ይበዙ ነበር ማለት ይቻላል። የ1997ቱ መመሪያ ዕቅዱ ከነዋሪው እንዲመነጭ ያደረገውም ከዚህ ልምድ በመነሣት ነው።

ከ2003 ዓ.ም ወዲህ በየዓመቱ በበጋው ወራት፣ በተለይም በጥርና በየካቲት፣ በሕዝብ ንቅናቄ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት የኮሚቴውን ኃላፊነት ይበልጥ አክብዶታል። ገበሬው ያለ ክፍያ ጉልበቱን የሚያፈስበት ሥራ በመሆኑ፣ ጉልበቱ የት ላይ እንደሚውል የሚወስኑት ሰዎች ማንነት የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። በልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በታቀፉ ወረዳዎች በክፍያ የሚሠራው የማኅበረሰብ ሥራና በነፃ የሚሠራው ጎን ለጎን ስለሚሄዱ የሁለቱ የሥራ ቀን ምዝገባ እንዳይቀላቀል መጠንቀቅም የኮሚቴው ድርሻ ነው።

የኮሚቴው ሥልጣን

ኮሚቴው ከባለሙያ ጋር በመሆን የተፋሰሱን ዕቅድ ያዘጋጃል፤ ዕቅዱም በጠቅላላ ጉባኤ ይጸድቃል። ሥራው ከተፋሰሱ ራስጌ ተጀምሮ ወደ ግርጌ መውረድ ይገባዋል። ላይኛው ተዳፋት ሳይያዝ ታች ያለ ቦረቦር በክትር ቢታሰር የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ክትሩን ይዞት ይሄዳል። ይህን ቅደም ተከተል ጠብቆ ማሠራት ቀላል አይደለም፤ ከግርጌ ማሳ ያላቸው ነዋሪዎች «የእኛስ መቼ ይሠራል?» ማለታቸው አይቀርምና።

ከሁሉ በላይ ክርክር የሚያስነሣው የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ነው። እርከን የሚይዘው ውኃ ከመጠን ሲያልፍ የሚወጣበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ ቦዩ ደግሞ በአንድ ሰው ማሳ ወይም በሁለት ማሳዎች ድንበር ማለፉ የግድ ነው። ቦዩ ሳይቀየስ እርከን ብቻ ከተሠራ ውኃው አንዱን እርከን ሰብሮ የሚቀጥለውን ያፈርሳል፤ በመጨረሻም በጎረቤት ማሳ ላይ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። ቦዩ በማን በኩል እንደሚያልፍ ባለማሳዎቹ ባሉበት መወሰንና ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ ማስፈር የኮሚቴው ሥራ ነው። የመስመሩን ቅየሳ የሚሠራው ባለሙያው ቢሆንም ጎረቤታሞችን የሚያስማማው ኮሚቴው ነው።

ሌላው ሥልጣን የመተዳደሪያ ደንቡን ማስፈጸም ነው። ልቅ ግጦሽ የሚከለከልበት ቦታና ጊዜ፣ ደንቡን የተላለፈ ሰው የሚከፍለው ቅጣት፣ የእርከን ጥገና ተራ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ቅጥር ሁሉ በደንቡ ይወሰናሉ። ደንቡን የሚያጸድቀው ጉባኤው እንጂ ኮሚቴው አይደለም። ኮሚቴው ጉባኤው ያላጸደቀውን ቅጣት መጣል አይችልም፤ የተሰበሰበውንም ገንዘብ በደረሰኝ ገቢ ማድረግ አለበት። ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውልና ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲሆን ያዝዝ የነበረው ድንጋጌ ግን በአዋጅ ቁጥር 456/1997 ውስጥ ገብቶ የነበረ የሕግ ጉዳይ በመሆኑ በደንብ ብቻ የሚሻር አልነበረም።

ተራራ ተከልሎ ሁለት ክረምት ሲያልፈው ሣር መስጠት ይጀምራል፤ የኮሚቴው እውነተኛ ፈተናም ያኔ ይመጣል። ሣሩ በአባወራና በእማወራ ቁጥር ይከፋፈላል ወይስ በተሠራ የሥራ ቀን? ከብት የሌላት እማወራ ድርሻዋን መሸጥ ትችላለች? መሬት የሌላቸው ወጣቶች በተከለለው ቦታ ንብ ለማነብ ቢደራጁ ከነባሩ ተጠቃሚ ጋር እንዴት ይስማማሉ? በትግራይ ክልል የሚገኘው የአብርሃ ወአጽብሓ ማኅበረሰብ በ2004 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ያገኘው በተራቆተ መሬት ላይ እርከንና ክትር ሠርቶ፣ የከርሰ ምድር ውኃው ሲመለስ ወደ መስኖ በመግባቱ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ልቅ ግጦሽን በጋራ ስምምነት መገደብ አስፈልጎት ነበር።

ለዕጩነት የሚቀርብ ሰው

ዕጩው በተፋሰሱ ውስጥ ነዋሪ ወይም የመሬት ተጠቃሚ መሆን ይጠበቅበታል። ዝርዝር መስፈርቱ፣ የኮሚቴው አባላት ብዛትና የሥራ ዘመኑ በአካባቢው መተዳደሪያ ደንብ ስለሚወሰኑ ደንቡ ከምርጫው በፊት በጉባኤው ፊት መነበብ ይኖርበታል። ማንበብና መጻፍ ለጸሐፊውና ለሒሳብ ያዡ የግድ ቢሆንም ለሌሎቹ አባላት እንደ መሰናክል ሊታይ አይገባም። የውኃውን ጠባይ፣ የማሳውን ድንበርና የቆየውን የግጦሽ ልማድ ጠንቅቀው የሚያውቁ አረጋውያን ለዚህ ሥራ ያላቸው ብቃት ከፍ ያለ ነው። ሴቶችም ለቁጥር ማሟያ ተብለው የሚገቡ አይደሉም። ምንጭ ሲደርቅ ርቀው ውኃ የሚቀዱት እነርሱ በመሆናቸው ቅድሚያ ስለሚሰጠው ሥራ የሚያቀርቡት ሐሳብ ክብደት አለው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ከሆነም ሚስት በራሷ ስም ለዕጩነት መቅረብ ትችላለች።

የቀበሌ አመራር አባል ለዕጩነት ሲቀርብ መራጮች አንድ ነገር ሊያጤኑ ይገባል። በኮሚቴው ላይ የሚነሣ ቅሬታ በመጀመሪያ የሚታየው በቀበሌው ስለሆነ፣ አንዱ ሰው በሁለቱም ቦታ ሲቀመጥ ቅሬታ አቅራቢው የሚሄድበት ያጣል።

መራጩ ዕጩውን በጉባኤው ላይ የመጠየቅ መብት አለው። የዕጩው ማሳ ከራስጌ ነው ወይስ ከግርጌ? በራሱ ማሳ ላይ ያለውን እርከን ጠግኗል? የራሱ ከብቶች በተከለለ ቦታ ተይዘው ያውቃሉ? ቢያዙስ ቅጣቱን ከፍሏል? ቦዩ በእርሱ ማሳ እንዲያልፍ ቢወሰን ይቀበላል? የመጨረሻውን ጥያቄ በአደባባይ የመለሰ ዕጩ ስለ ልማት ረዥም ንግግር ካደረገው ይልቅ ለመራጩ የሚጨበጥ ነገር ሰጥቷል።

የምርጫው አፈጻጸም

የጉባኤው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አስቀድሞ በየጎጡ እንዲነገር ይደረጋል። ቀኑ ከገበያና ከበዓል ቀን ጋር ባይጋጭ ይመረጣል። በጉባኤው ላይ የተሰብሳቢው ቁጥር ምልዓተ ጉባኤውን ማሟላቱ ይረጋገጣል፤ ቀጥሎም ጥቆማ ተካሂዶ ተጠቋሚው ፈቃደኛነቱን ይገልጻል፤ ከዚያም ድምፅ ይሰጣል። ድምፅ አሰጣጡ እጅ በማውጣት ሲሆን ቆጠራውን የሚያካሂዱት ዕጩ ያልሆኑ ሰዎች መሆን አለባቸው። እያንዳንዱ ዕጩ ያገኘው ድምፅ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ይፈረማል። የቃለ ጉባኤው አንድ ቅጂ በኮሚቴው ዘንድ፣ ሌላው በቀበሌው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል።

ምርጫው ያለ ጥሪ ወይም ያለ ምልዓተ ጉባኤ ተካሂዷል የሚል ነዋሪ ቅሬታውን በጽሑፍ ለቀበሌው ያቀርባል፤ ምላሽ ካጣ ወይም በምላሹ ካልረካ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይወስዳል። በማመልከቻው ላይ የተፋሰሱ ስም፣ ጉባኤው የተካሄደበት ቀንና ቅሬታው የተመሠረተበት ነጥብ ሊጠቀሱ ይገባል። መጻፍ የማይችል አመልካች ቅሬታውን በቃል አስረድቶ በባለሙያ ማስጻፍና በጣት አሻራ ማረጋገጥ ይችላል።