ሳምቡሳና የወሎ የበዓል ማዕድ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ከተንጣለለው ውኃ ነው። በዚያ ውኃ ዳር የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት፣ ብዙ መምህራንም የወጡበት ጥንታዊ የትምህርት ቤት ነው። በገዳሙ ዙሪያ ባለው በተሁለደሬ አገር ደግሞ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። ወደ ሰሜን አለፍ ሲል፣ ለአንዱ የዜማ ቅኝት ስሙን ባወረሰው በአምባሰልም ሁለቱ ሃይማኖቶች ተጎራብተውና ተጋብተው ይኖራሉ።

እንዲህ ባለ አገር የበዓል ግብዣ የሚደግስ ሰው ስለ ምግቡ ጣዕም ከማሰቡ በፊት የሚያስበው ሌላ ነገር አለው፤ ይኸውም ማን ያረደውን ማን ይበላል የሚለው ነው። በክርስቲያኑ ቤት በጉ እንደ ታረደ ትኩስ ሆኖ ለእንግዳ ቀድሞ የሚቀርበው ዱለቱ ነው። ዱለት ግን ለሙስሊሙ ጎረቤት አይሆንም፤ በሙስሊሙ ቤት የታረደውም ለክርስቲያኑ እንዲሁ አይሆንም። በመሆኑም የወሎ ሰው አስተውሎ ያበጀው ዘዴ እንግዳው በራሱ ወገን እጅ እንዲያርድ ማድረግ፣ ዕቃውንና ማድ ቤቱንም ለብቻ መለየት ነበር። ዘዴው ጨዋነት የሞላበት ነው፤ ዳሩ ግን ሁለት በግ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ ይጠይቃል። ጓዳው ጠበብ ላለ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

የነገሩ ክብደት ከታሪክም የመጣ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እርሳቸው ናቸው። በአገራችን ልማድ የሌላውን ወገን እርድ መብላት ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ይቆጠር ስለ ነበር፣ አንዲት ጉርሻ ሥጋ የእምነት ምስክር ትሆን ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በወሎ ማዕድ ላይ የሚቀርብ የመጀመሪያ ቁራሽ አንዱን የሚጋብዝ ሌላውን የሚያገል እንዳይሆን መጠንቀቁ የቆየ ምክንያት አለው።

ይህን ችግር በጸጥታ ካቃለሉት ምግቦች አንዱ ከሩቅ የመጣው ሳምቡሳ ነው።

የሳምቡሳ ስም ከፋርስ ቋንቋ የተነሣ ሲሆን በዐረብኛ ሰንቡሰጅ፣ ሰንቡሰክ ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1226 በባግዳድ የተጻፈው የአል ባግዳዲ የምግብ መጽሐፍ አሠራሩን ይገልጻል፦ ስስ ቂጣ በጠባብ በጠባቡ ይቆረጣል፤ ሥጋው በውስጡ ይደረጋል፤ በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፤ ጫፉ በጥቂት ሊጥ ይጣበቃል፤ ከዚያም በሰሊጥ ዘይት ይጠበሳል። ደሴ ላይ ዛሬ ሳምቡሳ የምትጠቀልል ሴት ይህ ቢነበብላት የራሷን እጅ ሥራ ትሰማለች። መንገደኛው ኢብን ባጡታም በ14ኛው መቶ ዘመን ከዴልሂ ሱልጣን ግብር ላይ ለውዝና ቅመም የተቀላቀለበት ሥጋ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ፣ በቅቤ ተጠብሶ ሲቀርብ አይቷል። (ይኸው ሰው ወደ ዘይላ ወደብ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን የከተማዪቱ የዓሣና የግመል ሥጋ ሽታ አስመርሮት ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደሩን ጽፏል፤ የኛን ወገን ማዕድ ሊነግረን ሲገባ ሽታውን ብቻ ነግሮን ሄደ!)

በቀይ ባሕር በኩል ከዐረብ አገር ጋር በነበረው ንግድ ሳምቡሳ ወደ አፍሪቃ ቀንድ ገብቶ የረመዳን ማፍጠሪያ ሆነ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከተምርና ከሾርባ ጋር የሚጠበቀው እርሱ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያዊው ማድ ቤት አንድ ትልቅ ለውጥ አደረገበት፤ ሥጋውን አውጥቶ ምስር አገባበት። የምስር ሳምቡሳ እርድ የለበትም፤ ሊጡም ዱቄት፣ ጨው፣ ውኃና ጥቂት ዘይት ብቻ ስለሆነ ቅቤ፣ ወተትና ዕንቁላል አይነካውም። ስለዚህ ለሙስሊሙ ሐላል፣ ለክርስቲያኑ የጾም ምግብ ሆነ። ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቡና ቤቱ መስኮት ተደርድሮ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ላልሠራው ሰው ነው። ሊጡ ጠንከር ብሎ ከታሸ በኋላ ማረፍ አለበት፤ ካላረፈ በመዳመጫው ሥር እየተሰበሰበ ያስቸግራል። ሁለት ሦስቱ ቂጣ በመካከሉ ዘይት እየተቀባ፣ ዱቄት እየተነሰነሰበት ተደራርቦ ይዳመጣል፤ አንዱ ቂጣ ለብቻው ያን ያህል ቢሳሳ ይቀደዳልና። ከዚያ በጋለ ምጣድ ላይ ለአፍታ ያህል ገረፍ ተደርጎ ትኩሱን ይላቀቃል፤ ተቆርጦም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ምስሩ እንዲበስል እንጂ እንዲፈርስ አይፈቀድለትም፤ ከድስቱ እንደ ወጣም በደንብ ይጠፈፋል። ቀይ ሽንኩርቱና ቃሪያው ደቆ ይገባል፤ ጨው ሽንኩርቱን ውኃ ስለሚያስተፋው መጨረሻ ላይ ይጨመራል። የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት ውኃ ነው፤ በውስጡ ውኃ የቀረበት ሳምቡሳ በጋለ ዘይት ሲገባ ይፈነዳል፣ ወይም ልሞ ይቀራል። ዘይቱ በሚገባ ሳይግል ከገባም ሊጡ ዘይት ይጠጣል። ለግብዣ የሚሠራ ሰው በጠዋት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይችላል፤ መጥበስ ያለበት ግን እንግዳው ሲቀመጥ ነው። ቀዝቅዞ የቀረበ ሳምቡሳ ክብሩን አጥቷል።

እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረቦች ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ፤ እርሱም የመጥበሻው ዘይት ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ማድ ቤት የሥጋውም የምስሩም ሳምቡሳ በአንድ ዘይት ይጠበሳል። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ጊዜና ዘይት የቆጠበ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የምስሩን ሳምቡሳ ከጾም ምግብነት አውጥቶታል፤ ሥጋው የሌላ ወገን እርድ ከሆነም ከሁለተኛው እንግዳ ፊት አንሥቶታል። እንግዳው ዘይቱን አያየውም፤ አምኖ ይበላል። በሙያው ውስጥ ከዚህ የከበደ አደራ ብዙ አይገኝም።

በከተማ ሆቴሎች ለግብዣ መክፈቻ የተለመደው ሌላው ትኩስ ቁራሽ ሳንድዊች ነው። ስሙ ከእንግሊዛዊው መስፍን ከአራተኛው የሳንድዊች ባላባት የመጣ ሲሆን፣ ጸሐፊው ኤድዋርድ ጊበን እ.ኤ.አ. በ1762 በዕለት ማስታወሻው ጠቅሶታል። በሁለት ዳቦ መካከል ሥጋና አይብ አድርጎ አሙቆ ማቅረብ መልካም ነው፤ ጉዳቱ ቀኑን አለማወቁ ነው። የፈረንጅ ዓመት ማብቂያ ግብዣዎች የሚውሉት ኅዳር 15 በሚገባው በነቢያት ጾም ውስጥ ነው። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ሳንድዊቹን አመስግነው ሳይነኩት ይመለሳሉ፤ ትሪውም እንደ ሞላ ወደ ማድ ቤት ይገባል።

ሐይቅ ግን ለሳንድዊቹም የራሷ መልስ አላት፤ ዓሣ። ዓሣ ባራጅ እጅ አይለይም። በሐይቁ ውስጥ ከጥንት የነበረው ዐምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ክርስቲያን አይደፍረውም ነበር፤ ቅርፊት ያለው ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ወደ ሐይቁ ከተጨመረ ወዲህ ግን ያ ምክንያት ቀረ። አጥንቱ ወጥቶ የተጠበሰ ቆሮሶ በትኩስ ዳቦ መካከል ሎሚና ቃሪያ ታክሎበት ሲቀርብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። በጾም ዓሣ ስለ መብላት የምእመናን ልማድ አንድ ስላልሆነ ግን፣ በጾም ቀን ከዓሣው ጎን የምስሩ ሳምቡሳ መቅረቡ ግድ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገባ፤ ረመዳን ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ የካቲት 22 ቀን ጀመረ። ለአንድ ወር ያህል ሁለቱም ወገኖች አብረው ጾሙ። በዚያ ወር በዱቤ ይሁን በጥሬ፣ ለቤት ይሁን ለእንግዳ፣ ከአንዱ መጥበሻ የወጣ የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ጾመኛ የሚሆን ነበር። ጠባሿ ከገዢው መጠየቅ የሚኖርባት ስንት እንደሚፈልግ ብቻ ነው።