የሰማዩ መርከብ ሲያርፍ

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን «ኢንዲፔንደንስ ደይ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ብዙዎቻችን በቪዲዮ አይተነዋል። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ከተማ በሚያካክሉ መርከቦች ሰማዩን ሸፍነው ምድርን ያነድዷታል። ጥይትም ሚሳይልም አይበግራቸውም። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ተመሳስለው ከዋናው መርከብ ሆድ ይገባሉ፤ ፈንጂያቸውን ትተው፣ መርከቡ ከመፈንዳቱ በፊት ለጥቂት ያመልጣሉ። ተመልካችም እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ተረት ነው። ይሁን እንጂ ለእኛ አገር ሰው ፈጽሞ እንግዳ የሆነ ተረት አይደለም። ከማናውቀው አገር፣ ልንመክተው በማንችለው መሣሪያ ሰው መጥቶብን ያውቃል፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ።

የመጀመሪያውን ያየው የወሎ ምዕራባዊ ደጋ ነው። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ደጋ ደጋውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተጓዘ ሰው መቅደላ ይደርሳል። ከአምባው ግርጌ አሮጌ የሚባል ሜዳ አለ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከአምባው ወርዶ በጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ላይ ፈሰሰ። እንግሊዞቹ ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘዋል። የባሕር ኃይላቸው ሰዎች ደግሞ ሮኬት በበቅሎ ጭነው በሽሎን ተሻግረዋል። ያ ሜዳ እሳት እየተፋ በአየር ላይ የሚምዘገዘግ ነገር ሲወርድበት ያ የመጀመሪያው ነበር። በቴዎድሮስ በኩል ከነበሩት ትላልቅ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ራሱ ፈነዳ። ሲመሽ ሰባት መቶ ያህል የንጉሡ ወታደሮች ሞተው፣ ከዚያ የሚበዙ ቆስለው ተገኙ። ገብርዬም ከሞቱት አንዱ ነበሩ። በእንግሊዞቹ በኩል የቆሰሉት ሃያ ያህል ናቸው።

ጀግንነት በአሮጌ አልጎደለም። የጎደለው ሌላ ነው። ጦሩ በጠራራ ቀን፣ በግልጥ ሜዳ፣ መሣሪያው እጅግ በሚበረታበት ቦታና ሰዓት ፊት ለፊት ሄደበት። ከ68 ዓመት በኋላ ግን ሌላ ትውልድ ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ።

ሁለተኛው ባዕድ መሣሪያ የመጣው በእውነትም ከሰማይ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ቦምብ ወደቀበት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመትረየስ ኋላ ሆነው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ግን በመትረየስ ስንቱን ማውረድ ይቻላል? ጣሊያን አውሮፕላን የምታሰልፈው በመቶዎች ነው። የእኛዎቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ እነሱም ለመላላኪያ እንጂ ለውጊያ የማይሆኑ ነበሩ። አውሮፕላኑ ቦምብ ብቻ አልነበረም የሚጥለው፤ የመርዝ ጋዝም እንደ ዝናብ ያርከፈክፋል። ማይጨው መጋቢት 22 ቀን ሆነ፤ ደሴ ሚያዝያ 7 ቀን ተያዘች፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ጠላትን ለማዘግየት ከተላኩት መካከል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ይገኙ ነበር። ትምህርት ቤቱ በስዊድናዊው ሻምበል ቪኪንግ ታም መሪነት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ልጆቹ ገና ትምህርታቸውን እንኳ አልጨረሱም። ዋና ከተማዋ ስትወድቅ ከነዚህ ወጣቶች የተወሰኑት ወደ ምዕራብ አቀኑ። ነቀምቴ ላይ ከሌሎች የተማሩ ሰዎች ጋር ሆነው የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ ስሙን ስንሰማ ቶሎ ትዝ የሚለን ሆስፒታሉ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ገበሬውን አለመበደል፣ ምርኮኛን አለማንገላታት የሚል ይገኝበታል።

በዚያ ክረምት መግቢያ የጣሊያን እጅ ገና ከከተሞችና ከዋና ዋና መንገዶች አልራቀም። ምዕራቡን በጦር ከመያዝ በፊት ባላባቶቹን በወዳጅነት ለማግኘት ፈለጉ። በወለጋ ደግሞ በማዕከላዊው መንግሥት ቅር የተሰኙ ባላባቶች ነበሩ። እዚህ ላይ መቅደላን ማስታወስ ተገቢ ነው። ናፒየርም ያን ሁሉ አገር ያለ ውጊያ አቋርጦ የመጣው ሕዝቡ ከቴዎድሮስ ልቡ ስለራቀ ነው። ባዕድ መሣሪያ ከውስጥ በር ሲከፈትለት ኃይሉ እጥፍ ይሆናል።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በነቀምቴ አጠገብ ቦናያ በተባለ ሜዳ ላይ አረፉ። ይዘዋቸው የመጡት ተራ ወታደሮችን አልነበረም። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንሶ ማሊዮኮ ነበሩ። ኮሎኔል ማሪዮ ካልዴሪኒም ነበሩ። በ1918 እ.ኤ.አ. ከባለቅኔው ዳኑንሲዮ ጋር ቪየና ላይ በመብረር ስሙ የገነነው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊም አብሯቸው ነበር። ሌሊቱን እዚያው ከአውሮፕላኖቻቸው ዘንድ አደሩ።

የሆለታ ልጆችና ከጣሊያን ጦር ከድተው ከወገናቸው የተቀላቀሉ ኤርትራውያን ወታደሮች በዚያው ሌሊት ደረሱባቸው። ሲበር የማይደረስበት አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሞ ከብረትና ከቤንዚን የተሠራ ዕቃ ነው። ሦስቱም ተቃጠሉ። አብረው ከመጡት ጣሊያኖች የተረፉት ቀደም ብለው ከባላባቶቹ ጋር ለመገናኘት ወደ ከተማው የሄዱት ሚሲዮናዊ አባ ማሪዮ ቦሬሎ ናቸው። ወጣቶቹም ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። በአሮጌ በሺዎች የሚቆጠር ጦር ያላገኘውን፣ ጥቂት ሰዎች ጊዜና ቦታ መርጠው አገኙት።

ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። በፊልሙ ዋናው መርከብ ሲፈነዳ የቀሩት ሁሉ ይከተሉታል። የሮም መንግሥት ግን እንዲህ ያለ ዋና መርከብ በቦናያ አልነበረውም። ሦስት ቢቃጠልበት ሌላ ሦስት ይልካል፤ ላከም። የጥቁር አንበሳ ሰዎች ከራስ እምሩ ጋር ተቀላቅለው እየተዋጉ ወደ ደቡብ አፈገፈጉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጅ ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን አገር ተጋዙ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ደግሞ በቀል የተማረውን ወጣት እያደነ ፈጀ። የሆለታ ዕጩ መኮንኖችና የጥቁር አንበሳ አባላት ከተረሸኑት ውስጥ ነበሩ። ከቦናያ እስከዚያ ቀን ያለው ስምንት ወር አይሞላም። ማምለጥ ማለት ለብዙዎቹ ይህችው ነበረች።

ታዲያ ምን ተረፈ? ሎካቴሊን አገሩ አልረሳውም። በአልፕስ ተራሮች ውስጥ የታወቀ የተጓዦች ማረፊያ በስሙ ይጠራል። በእኛ በኩል የተረፈው ጠላት የማይነካ አለመሆኑ መታየቱ ነው። ጣሊያን ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ተሸንፎ ወጣ። ለዚህ የእንግሊዝ ጦር ማገዙ እውነት ነው። ግን እስከዚያ ድረስ በየጫካውና በየገደሉ የቆየው አርበኛ ፊት ለፊት መሄድን ትቶ ሌሊትን፣ ትዕግሥትንና የአገሩን መሬት የተጠቀመ ነው።

አሮጌ ላይ የወደቁትን በጀግንነታቸው እናነሣቸዋለን፤ ይገባቸዋልም። የቦናያዎቹ ደግሞ ከዚህ ጋር ሌላ ነገር ትተውልናል። ከሰማይ የመጣ መርከብ የቱንም ያህል ቢያስፈራ፣ አንድ ቀን ማረፉ አይቀርም። ያን ጊዜ ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው መኖር አለበት።