የቴሌቪዥኑ ሰደቃና የአንሷሩ ከረጢት

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023) ገና ሳይነጋ፣ ሰው ሁሉ በእንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክና ሰሜን ሶሪያ በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ሌላ ተደገመ። በቱርክ ብቻ ከ53 ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ፤ በሶሪያም ብዙ ሺህ። አላህ ይዘንላቸው።

በዘጠነኛው ቀን ማታ የቱርክ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች «ቱርክ አንድ ልብ» የተባለ የእርዳታ ማሰባሰቢያ በኅብረት አስተላለፉ። ታዋቂ ሰዎች ስልክ ያነሣሉ፤ የሰጪው ስምና የገንዘቡ መጠን ይነገራል፤ ድምሩ በስክሪኑ ላይ እያደገ ይሄዳል። በመጨረሻ 115 ቢሊዮን ሊራ፣ ማለትም 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቃል ተገባ።

ውድ አንባቢ፣ ሰደቃ እንዲህ በአደባባይ ይሰጣልን? በሱረቱል በቀራ (2፡271) አላህ (ሱ.ወ) በግልጽ የሚሰጠውን መልካም ብሎ፣ ለድሆች በስውር የሚሰጠውን ደግሞ አብልጦታል። ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው።

በሶሒሕ ሙስሊም ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) የሚነግረን ታሪክ አለ። አንድ ረፋድ ላይ ከሙደር ጎሣ የሆኑ ሰዎች ባዶ እግራቸውን፣ መሐሉ የተቀደደ የሱፍ ጨርቅ አጥልቀው መዲና ደረሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ችግራቸውን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቢላልን አዛን አስደረጉ፤ ሰገዱ፤ ከዚያም ሰው ሁሉ ከዲናሩም፣ ከልብሱም፣ ከስንዴው ቁናም፣ የተምር ግማሽ እንኳ ቢሆን፣ ያለውን እንዲሰጥ ጠየቁ። አንድ የአንሷር ሰው እጁ ሊሸከመው ያቃተውን ከረጢት ይዞ መጣ። ሰዉ ተከተለው፤ የምግብና የልብስ ሁለት ክምር ቆመ። የነቢዩም ፊት በራ።

ስለዚህ በግልጽ የሰጠን ሁሉ «ለይዩልኝ ነው» ብሎ መንቀፍ አይገባም። በሱረቱ ተውባ (9፡79) የተወገዙት ሙናፊቆች ብዙ የሰጠውን በይዩልኝ፣ ጥቂት የሰጠውን በማነሱ ያሽሟጥጡ ነበር።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ከ115ቱ ቢሊዮን 30ውን የሰጠው የቱርክ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ዚራት ባንክ 20፣ ቫኪፍባንክ 12፣ ሃልክባንክ 7 ቢሊዮን ጨመሩ፤ ሦስቱም የመንግሥት ናቸው። ድምሩ 69 ቢሊዮን፣ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። የማዕከላዊ ባንኩ አብላጫ ባለ ድርሻ ራሱ የመንግሥት ግምጃ ቤት ስለሆነ፣ ያገሬው ሰዎች «ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ» ሲሉ ተቹ። ገንዘቡ ለተጎጂ መዋሉን ማንም አይጠላም፤ ይህ ግን የመንግሥት ግዴታ እንጂ የማንም ሰደቃ አይደለም። ከወር ደመወዙ ቆርሶ የላከው ሠራተኛ ግን ከራሱ ጎድሎበታል፤ የእርሱ ጥቂት ሊራ ከባንኩ ቢሊዮን ጋር በአንድ መዝገብ ተደመረች።

የመዲናውን ከረጢት ያመጣውን ሰው በዚያ ዘገባ ጀሪር በስሙ አልጠራውም። «ከአንሷር የሆነ ሰው» ነው ያለው። በከረጢቱ ውስጥ ስንት እንደነበረም አልቆጠረልንም።