የዘማች መዝገብ

ልጆቼ፣ አንድ ጦርነት ያበቃው መቼ ነው ተብላችሁ ብትጠየቁ የታሪክ መጽሐፋችሁን ገልጣችሁ የዕርቁ ውል የተፈረመበትን ቀን ትናገራላችሁ። መልሱም ለፈተና ይበቃል። የጡረታና የሕክምና መዝገብ የሚይዘውን ጸሐፊ ብትጠይቁት ግን ሌላ ቀን ይነግራችኋል። በአሜሪካ አገር የሰሜንና የደቡብ ሰዎች እርስ በርሳቸው የተፋጁበት ጦርነት በ1865 ዓ.ም. አበቃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የዚያ ጦርነት ዘማች ልጅ የሆነች አንዲት ሴት ግን እስከ 2020 ድረስ በየወሩ 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ከመንግሥት ትቀበል ነበር። አባቷ በእርጅናው ዘመን የወለዳት ነበረች፤ ጤና ስለ ጎደላትም በሕጉ መሠረት የአባቷ አበል ለእርሷ ተላለፈላት። በዚያው ዓመት ስትሞት የመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ተዘጋ። መድፉ ዝም ካለ 155 ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው።

ስለ ጀግንነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መዝገብ ቤት የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ከጦር ሜዳ ተመልሶ ስለሚታመመው ሰውና ካርዱን ስለሚፈልግለት ጸሐፊ ነው። ምሳሌዬን ከአሜሪካ ማምጣቴ እነርሱ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ዘማቾቻቸውን ስለሚወዱ አይደለም፤ ክፉውንም ደጉንም ራሳቸው መርምረው በአደባባይ ስለሚያትሙት ነው።

አሜሪካ ገና መንግሥት ሳትሆን፣ በ1636 በፕሊመዝ የሰፈሩ እንግሊዛውያን ለውጊያ ተልኮ አካሉ ጎድሎ የተመለሰ ወታደር ዕድሜውን ሙሉ በሕዝቡ ገንዘብ እንዲጦር ሕግ አወጡ። ነፃነታቸውን ባወጁበት በ1776ም ሸንጎው እጁን ወይም እግሩን ላጣ ወታደር የደመወዙ ግማሽ ዕድሜ ልኩን እንዲከፈለው ወሰነ። ተስፋውን መስጠት ቀላል ነበር። ችግሩ የመጣው በ1800 በኖቬምበር ወር የጦር ሚኒስቴሩ ቤት ተቃጥሎ የወታደሮቹ ስም የተጻፈበት ወረቀት አመድ በሆነ ጊዜ ነው። በ1818 ለድኾቹ የነፃነት ዘማቾች ጡረታ ሲፈቀድላቸው፣ ሽማግሌዎቹ በየአውራጃው ዳኛ ፊት ቆመው የአለቃቸውን ስምና የዘመቱበትን ጊዜ እየማሉ ማስረዳት ግድ ሆነባቸው። ጠያቂው ከታሰበው በላይ ስለ በዛ ደግሞ በ1820 ሌላ ሕግ ተጨመረ፤ ይኸውም ዘማቹ በእውነት ድኻ ለመሆኑ ያለውን ንብረት ሁሉ ቆጥሮ እንዲያስመዘግብ የሚያዝዝ ነበር። በወጣትነቱ አገር ነፃ ያወጣ ሰው በሰባ ዓመቱ ላሙንና ድስቱን፣ ወንበሩን ሳይቀር ለጸሐፊ ሲያስቆጥር በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። መንግሥት ገንዘቡን ከአታላይ መጠበቅ አለበት፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጥቂት አታላዮችን ለመያዝ ሲባል ሐቀኛውን ሁሉ ማሳፈር ተገቢ ነውን? እነርሱም ኋላ ነገሩን አስተውለው በ1832 ባወጡት ሕግ ድህነትን ማስረዳት ቀረ፤ ሁለት ዓመት ያገለገለ ስላገለገለ ብቻ ሙሉ ደመወዙ እንዲከፈለው ሆነ።

የአገራችን ሰው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል። የተጻፈው ሲቃጠልስ? ወደዚህ ጥያቄ ኋላ እመለሳለሁ።

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በማርች 3 ቀን 1865 አካላቸው የጎደለ ዘማቾች የሚጠለሉበት ቤት እንዲቋቋም ሕግ ፈረመ። በማግሥቱም ሁለተኛ የሥልጣን ዘመኑን ሲጀምር ባደረገው ንግግር፣ የጦርነቱን ሸክም የተሸከመውን ሰውና ሚስቱን፣ የሙት ልጁንም መጦር የሕዝቡ ዕዳ መሆኑን ተናገረ። የመጀመሪያው ቤት በ1866 በሜይን ክፍለ ሀገር ቶገስ በተባለ ስፍራ ተከፈተ።

ከዓንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመርዝ ጢስ ሳንባቸው የተቃጠለ፣ አእምሯቸው የታወከና በሳንባ ነቀርሳ የተያዙ ዘማቾች ስለ በዙ በ1921 የዘማቾች ቢሮ ተቋቋመ። ፕሬዚዳንት ሃርዲንግም ቻርልስ ፎርብስ የተባለ ወዳጁን በላዩ ሾመበት። ይህ ሰው ሆስፒታል የሚሠሩበትን ውል ከተቋራጮች ጋር ተመሳጥሮ ሲያዋውል፣ በሜሪላንድ ፔሪቪል በተባለው ስፍራ ባለው ግምጃ ቤት የተከማቸውንም ዕቃ፣ የበሽተኛ አንሶላና ፎጣ ሳይቀር፣ ትርፍ ነው እያለ በርካሽ አሸጠ። በ1923 ሥራውን ለቀቀ፤ በ1925 የሁለት ዓመት እስራትና የ10,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ፎርብስ ራሱ በጦርነቱ ውስጥ ያገለገለ፣ ሜዳይ የተሸለመ መኰንን ነበር። በጥይት ፊት የማይፈራ ሰው በግምጃ ቤት ቁልፍ ፊት ሊሸነፍ እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል፤ ሁለቱ ልዩ ልዩ ፈተናዎች ናቸውና።

በዚያው በ1923 በአላባማ ክፍለ ሀገር በተስኪጊ ለጥቁር ዘማቾች ሆስፒታል ተከፈተ። በደቡብ ያሉት ሌሎች ሆስፒታሎች ጥቁሩን ዘማች አንቀበልም ወይም በጥጋት እናስተኛለን ይሉ ነበርና። ሐኪሞቹም ጥቁሮች ይሁኑ በተባለ ጊዜ ነጭ ቀሚስ የለበሱ ዘረኞች ሊያስፈራሩ በከተማይቱ ተሰልፈው አለፉ። የሆነ ሆኖ ጥቁሮቹ ሐኪሞች ገቡ፤ በ1924ም ሆስፒታሉ ጥቁር ዋና ሐኪም ነበረው። ለአንድ ባንዲራ የቆሰሉ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር እንዳይታከሙ መከልከላቸውን ሳነብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

በ1930 ተበታትነው የነበሩት መሥሪያ ቤቶች አንድ ሆነው የዘማቾች አስተዳደር ተባለ፤ በ1989 ደግሞ ወደ ሚኒስቴርነት ከፍ አለ። በሁለቱ መካከል ከሁሉ የላቀውን ሥራ የሠራው ጄኔራል ኦማር ብራድሌይ ይመስለኛል። በ1945 ሹመቱን ሲቀበል ሚሊዮን በሚሊዮን የሆነ ወታደር ከአውሮፓና ከእስያ ወደ ቤቱ እየጎረፈ ነበር፤ በሐኪም እጦትና በቅጥር ደንብ የተተበተበው አሮጌው አሠራር ይህን ሕዝብ ሊሸከም አይችልም ነበር። በጃንዋሪ 1946 በወጣው ሕግ ሐኪሞች ከተራው የመንግሥት ቅጥር ደንብ ወጥተው እንዲቀጠሩ ተፈቀደ፤ የዘማቾች ሆስፒታሎችም ከሕክምና ትምህርት ቤቶች ጋር ተጣመሩ። መምህሩ ሐኪም ዘማቹን ያክማል፣ ተማሪውም ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ይማራል። በዚሁ ዓመት ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በነዚህ ሆስፒታሎች ተፈተነ፤ ጥቅሙም ከዘማቾቹ አልፎ ለዓለም ሁሉ ደረሰ።

አሁን ወደ እሳቱ ልመለስ። በሚዙሪ ክፍለ ሀገር በሴንት ሉዊስ አጠገብ የአሜሪካ ወታደሮች የግል ማኅደር የሚቀመጥበት ትልቅ ሕንፃ ነበር። በጁላይ 12 ቀን 1973 ከእኩለ ሌሊት በኋላ በስድስተኛው ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። ማኅደሩ በተደረደረበት ስፍራ ከጣራው ውኃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረም፤ እሳቱን የሚያግድ ግንብም አልነበረም። ቃጠሎው ጨርሶ እስኪጠፋ ከአራት ቀን በላይ ወሰደ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን ማኅደር ወደመ፤ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች መካከል ከመቶ ሰማንያ የሚሆኑት ወረቀታቸው ጠፋ። ግልባጭ አልነበረም፤ የትኛው እንደ ተቃጠለ የሚያሳይ ዝርዝርም አልነበረም።

ከ1912 እስከ 1960 ስል ሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና የኮርያ ዘመቻ እንዳሉበት አስተውሉ። የእኛም ቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ በኮርያ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ጎን ለጎን ተሰልፎ ተዋግቷል። እርግጥ የእኛ ሰዎች ማኅደር በሴንት ሉዊስ አልነበረም። ነገር ግን በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ዘበኛ የነበሩ አንድ የኮርያ ዘማች ትዝ ይሉኛል። እኛ ተማሪዎቹ «አባባ» እንላቸው ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር የቆሰለ ጭናቸውን ይዘው ያነክሳሉ፤ የስንብት ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይይዙ ነበር። አንድ ቀን ለሕክምና ድጋፍ ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው ሲመለሱ፣ «ጸሐፊው ስምዎ ከመዝገቡ የለም አለኝ» አሉን። ምን መለሱለት ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እኔ ግን አለሁ አልሁት» አሉ።

በሴንት ሉዊስም የሆነው ይኸው ነበር፤ ሰዎቹ አሉ፣ ወረቀቱ የለም። ታዲያ ምን ተደረገ? ከውኃና ከአመድ መካከል የተገኘው ወረቀት አውሮፕላን በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ አየሩ ተስቦ በሚወጣበት ትልቅ ክፍል እንዲደርቅ ተደረገ። በዚህ መንገድ 6 ሚሊዮን ተኩል የሚያህል ማኅደር ተረፈ። ለቀሩት ደግሞ ጸሐፊዎቹ በሌላ በር መፈለግ ጀመሩ፤ የደመወዝ መክፈያ ወረቀት፣ እያንዳንዱ ሻምበል ጦር ማን ታመመ ማን ቀረ እያለ በየጠዋቱ የጻፈው ሪፖርት፣ ዘማቹ ራሱ ቀድሞ ያቀረበው ማመልከቻ ሁሉ ተበረበረ። የጦሩ ሆስፒታሎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮርያ ዘመቻ ጊዜ የተቀበሉአቸው በሽተኞች ዝርዝር በኮምፒዩተር ክር ላይ ተቀድቶ ለጥናት ተቀምጦ ስለ ነበረ፣ እርሱም በ1988 ለዚህ ሥራ ተሰጠ። እኔ ከጦርነት ታሪክ ሁሉ ይልቅ ይህን ፍለጋ ደጋግሜ አነባለሁ። አንድ ጸሐፊ «የለም» ብሎ መስኮቱን ዘግቶ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር፤ ደመወዙም አይቀነስበትም።

ከወረቀት መጥፋት የባሰ ደግሞ በሽታው በወረቀት የማይገኝ ሲሆን ነው። ከ1962 እስከ 1971 አሜሪካኖች በቪየትናም ጠላት እንዳይሸሸግበት የዱሩን ቅጠል የሚያረግፍ መርዝ ከአውሮፕላን ይረጩ ነበር። ከመርዞቹ ዋነኛው በበርሜሉ ላይ ስለ ተቀባው ብርቱካናማ መስመር ኤጀንት ኦሬንጅ ተባለ። ወታደሮቹ ከተመለሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የያዛቸው ተነሡ። መሥሪያ ቤቱ፣ በሽታህ ከዚያ መርዝ የመጣ ለመሆኑ አስረዳ አላቸው። አንድ ገበሬ ወይም መካኒክ ሃያ ዓመት ቀድሞ የተነፈሰውን አየር በምን ያስረዳል? በ1991 የወጣው ሕግ ይህን ሸክም ገለበጠው፤ በቪየትናም ያገለገለ ሰው በመርዙ እንደ ተነካ ይቆጠራል፣ ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ ከያዘውም በአገልግሎቱ ምክንያት እንደ ሆነ ይታመንለታል። በ2022 ደግሞ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ቆሻሻ በጉድጓድ ሲቃጠል ጢሱን ለተነፈሱ ዘማቾች ከሃያ የሚበልጡ በሽታዎች በዚሁ ዓይነት ተጨመሩ። በ1820 ድስቱን ካስቆጠረው ሕግ እስከዚህኛው ድረስ ሁለት መቶ ሁለት ዓመት ተሄዷል። በመንገዱ ላይ የሞቱትን የቆጠረ የለም።

ኮምፒዩተርን ለለመዳችሁ ለእናንተ ይህንም ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዘማቾች ሆስፒታሎች ያሉ ጥቂት ሐኪሞችና የፕሮግራም ጸሐፊዎች፣ የበላዮቻቸው ሳይወዱላቸው፣ የበሽተኛ ካርድ በኮምፒዩተር የሚያዝበትን ዘዴ በየሆስፒታሉ መሥራት ጀመሩ፤ ሥራቸውም በ1982 የመሥሪያ ቤቱ ዘዴ ሆኖ ጸደቀ። በካንሳስ በቶፒካ ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ነርስ ደግሞ የተከራየችውን አውቶሞቢል ስትመልስ ሠራተኛው በእጁ በያዘው ትንሽ መሣሪያ ምልክቱን አንብቦ ሒሳቧን ወዲያው ሲጨርስላት አየች። ይህ ለአውቶሞቢል ከሆነ ለመድኃኒትስ ለምን አይሆንም? አለች። ከዚያም የበሽተኛው የእጅ አምባርና የመድኃኒቱ ባርኮድ ካልተስማሙ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ አሠራር ተዘጋጅቶ ወደ ሆስፒታሎቹ ሁሉ ተዳረሰ።

መሣሪያው ግን የያዘውን እጅ ይመስላል። በአሪዞና በፊኒክስ በ2014 መርማሪዎች ሲገቡ 1,700 ዘማቾች ሐኪም ለማየት እየጠበቁ ስማቸው በይፋው የተራ መዝገብ ላይ አልነበረም። ለናሙና የታዩት 226 ሰዎች በአማካይ 115 ቀን ጠብቀው ሳለ ሆስፒታሉ ለበላዮቹ ያስታወቀው 24 ቀን ነበር። ሹማምንቱ የሚመሰገኑትና የሚሸለሙት ቀጠሮው ባጠረ ቁጥር ስለ ነበረ፣ ቀጠሮውን ከማሳጠር ቁጥሩን ማሳጠር ቀለላቸው። ሚኒስትሩ ኤሪክ ሺንሴኪ ራሱ በቪየትናም እግሩን የቆሰለ ጄኔራል ሲሆን በሜይ 30 ቀን ሥራውን ለቀቀ። በ2020 ደግሞ አሮጌውን የኮምፒዩተር ካርድ የሚተካ አዲስ ዘዴ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር በስፖኬን ተጀመረ። ሐኪሙ ያዘዘው ምርመራ ወይም ቀጠሮ አድራሻው በትክክል ካልገባ ማንም ወደማያየው ስፍራ ሄዶ ይከማች ነበር። ከ11,000 በላይ ትእዛዝ እንዲህ ቀረ፤ መርማሪዎች 149 በሽተኞች እንደ ተጎዱ በ2022 አሳወቁ፤ በ2023ም ዘዴውን ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ማዳረሱ ለጊዜው ቆመ።

በዚያው በ2022 ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሣት አንዲት ትንሽ አንቀጽ አለች። በመዝገብ የገባ ዘማች ሁሉ ቢታመምም ባይታመምም ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ የት አገለገልህ፣ ምን ጢስ ተነፈስህ፣ ምን መርዝ ነካህ ይባላል፤ መልሱም በካርዱ ላይ ይጻፋል።