የአማዶ ኬላ

በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች «ኬላ» ሲባል የምናስበው ገመድ የተዘረጋበትን፣ ዕቃ የሚፈተሽበትንና ቀረጥ የሚከፈልበትን ስፍራ ነው። ቃሉን በየቀኑ እየጻፍነው ከወዴት እንደ መጣ ግን እምብዛም አንጠይቅም።

በቀድሞው ዘመን በደቡብና በደቡብ ምዕራብ በነበሩት ነገሥታት አገር ኬላ ማለት የአገር በር ነበር። በወሰኑ ላይ ቦይ ይቈፈራል፣ ወይም አጥር ይታጠራል፣ ወይም ካብ ይካባል፤ በመካከሉም መተላለፊያ ይተዋል። በጅማ የበሩ ሹም አባ ኬላ ይባል ነበር። ነጋዴው በእርሱ ፊት ሳያልፍ አይገባም፣ ቀረጡንም ሳይከፍል አይወጣም። እንግዲህ ኬላው ለጦር ጊዜ መከላከያ፣ ለሰላም ጊዜም የግምጃ ቤት መግቢያ ነበረ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ሁለተኛው ሥራው ከመጀመሪያው አያንስም።

ወላይታም የራሱ ካብ አለው። ሕዝቡ በ19ኛው መቶ ዓመት በነገሠው በካዎ አማዶ ስም የአማዶ ኬላ ይለዋል። ከኦሞ ወንዝ ማዶ በዳውሮም በንጉሥ ሐላላ ስም የሚጠራ ሌላ ካብ አለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ ተደርድሮ የተሠራ ነው። ስሙ የንጉሡ ይሁን እንጂ፣ ድንጋዩን የተሸከመው ትከሻ የብዙ ሺህ ገበሬ ነው።

በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ወደ ወላይታ ዘመቱ። ከተከተሏቸው መካከል የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ነበሩ፤ የኬላ ጌታ በኬላ ጌታ ላይ ዘመተ እንበል። ጦርነቱ እጅግ ከባድ ነበር፤ አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄም ያየውን ጽፎ በ1896 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፓሪስ አሳትሟል። ካዎ ጦና ቈስለው ተማረኩ፣ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። የወላይታም መንግሥት በዚያ አበቃ። ቀድሞ ገብሮ የነበረው ጅማ ግን አባ ጅፋር እስካረፉበት እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ የውስጥ አስተዳደሩን እንደ ያዘ ቈየ።

የካዎው ቤት እንደ አገሩ ቤት ሁሉ የእንጨትና የሣር ሥራ ነበርና ዘመን አልፎበታል። ካቡ ቀርቷል። ነገር ግን ያለ ጭቃ የተደረደረ ካብ ጠላቱ መድፍ አይደለም፤ አንዱ ለምድጃ፣ ሌላው ለቤቱ መሠረት ጥቂት ድንጋይ ቢያነሣ ከላይ ያለው እየተናደ ይሄዳል፤ ማንም አፈረሰው ሳይባል ይጠፋል።

ስለዚህ በሶዶ፣ በአረካና በዱቦ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ተማሪዎቻችሁን ደብተር አስይዛችሁ ወደ አገር ሽማግሌዎች ስደዱ። ከየኬላው ዘብ የቆመው ከየትኛው ጎሣ እንደ ሆነ፣ በሩ በስንት ሰዓት ይዘጋ እንደ ነበር፣ ከነጋዴው ላይ ጨው ወይስ ከብት ይወሰድ እንደ ነበር፣ ማታ የደረሰ እንግዳም የት ያድር እንደ ነበር ይጠይቁ፤ የሰሙትንም በወላይትኛና በአማርኛ ይጻፉ።